በጋብቻ በዓላችን ቀን የተቆለፈው መንጋጋ

መጀመሪያ ያስታወቀኝ ማዛጋት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ ላዛጋ ስል አፌ ግማሽ ላይ ቆመ። ጆሮዬ ሥር ወጠረኝ እንጂ ብዙም አላመመኝም። አተኛኘቴ ነው ብዬ ተነሳሁ፤ ቁርስ ላይ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ዋጥኩት። ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ አፉ አልከፈት ያለው ሰው ላላችሁ ነው። ቶሎ አንብቡትና ተነሱ።

ያን ቀን ከበድሉ ጋር ከተጋባን አንድ ዓመት ሞላን። ባሌ መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል እየቀጠቀጠ ምድጃ ይሠራል፤ እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሸጣለሁ። እኛ ሰፈር የጋብቻ ዓመት የሚያከብር የለም። እሱ ግን ከደንበኛ ሰምቶ «ፒያሳ ሆቴል ወስጄ እራት እጋብዝሻለሁ» እያለ ሲፎክር ከርሞ፣ ዋዜማው ላይ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለው ክትፎ ቤት ይሻላል አለ። ተጨቃጨቅን። በማግስቱ ዝም ስለው ያኮረፍኩ መሰለው። ዝም ያልኩት ማውራት ስለከበደኝ ነው። ትንሽ አኩርፌም ነበር፣ አልዋሽም።

ማታ ክትፎ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስፔሻል ክትፎው ከአይብና ከጎመን ጋር መጣ። በድሉ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋልኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«ተይ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አፌን ልከፍት ታገልኩ። ከአንድ ጣት በላይ የማያስገባ ቀዳዳ ብቻ ሆነ። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ የባል ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? ምን አድርጎሽ ነው?»

«ሆቴል ነበር የፈለገችው፣ ጋሼ» አለ በድሉ።

«እንግዲያስ አስተናጋጁ ያጉርሳታ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በድሉ አፍሮ ጉርሻውን በጥርሶቼ መሃል ገፋው። መንጋጋዬ በራሱ ተዘጋ። ጣቱን ነከስኩት። ጮኸ። ልለቀው ፈለግኩ። መንጋጋዬ አልታዘዝ አለኝ። ሲላቀቅ ደምቷል። ከዚያ ጉንጮቼ ወደ ላይ ተሳቡ፤ ጥርሴ ተገለጠ።

«ጭራሽ ትስቂያለሽ?»

አልሳቅኩም። የፊቴ ጡንቻ ነው የተኮማተረው።

ቤት ገብተን ውሃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ተመለሰ። የበድሉ ንዴት ያኔ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ጎረቤታችንን እትዬ ዘርፌን ጠራ። «ነከሰችህ፣ ደግሞም ሳቀች? ይሄ የሐኪም አይደለም። ሲነጋ ጸበል እንወስዳታለን» አሉ። በጸበል ላይ ክፉ አልናገርም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን እስኪነጋ የምቆይ አልነበርኩም። እትዬ ዘርፌ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቴ ላይ ረጩ።

ጀርባዬ ወደ ኋላ እንደ ደጋን ጎበጠ። ፍራሹን የነኩት ጭንቅላቴና ተረከዜ ብቻ ናቸው። ትንፋሼ ቆመ። ሁሉንም እሰማለሁ። ሁሉንም አያለሁ። መናገር አልችልም።

«እትዬ፣ ይቆጡኝ፣ እኔ ሐኪም ቤት ነው የምወስዳት» አለ በድሉ። ተሸክሞ ላዳ ውስጥ አስገባኝ። መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ሰውነቴ ይገተራል።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ሐኪም ወጣት ናት። ቀጭን እንጨት አስገብታ የጉሮሮዬን ጀርባ ነካች። መንጋጋዬ እንጨቱን ግጥም አድርጎ ያዘ።

«ሌላ ሰው ያቅለሸልሸዋል፤ እሷ ነከሰች። ቴታነስ ነው፣ መንጋጋ ቆልፍ። በቅርቡ የቆሰለችው ነገር አለ?»

«ኧረ የለም!» አለ በድሉ።

እግሬን አወራጨሁ። ሐኪሟ ገባት፤ ካልሲዬን አወለቀች። በድሉ ከቁስል ያልቆጠረው፣ ከሳምንት በፊት ቆርቆሮ የቆረጠኝ ተረከዜ ላይ የቡና ዱቄት ደርቋል። እኛ ጋ ደም ሲፈስ ቡና ነስንሰን በጨርቅ እናስራለን። ደሙ ይቆማል። ጀርሙ ግን ከሥር ይቀራል።

«ትድናለች?»

«የሚገድላት የትንፋሽ መዘጋት ነው። ትንፋሿ እንዳይዘጋ እንጠብቃለን።»

የጀርሙን መርዝ የሚያረክስ አንቲቶክሲን ወጉኝ። ቁስሉን ከፍተው አጠቡ። ግሉኮስ፣ አንቲባዮቲክ፣ ጡንቻ የሚያላላ ዳያዜፓም ቀጠለ። ክፍሉን አጨለሙ፤ ድምፅም ብርሃንም መገተሩን ያስነሳብኛልና። ቀኑን ሙሉ በርሜል ሲደበድብ የሚውለው ባሌ ጫማውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ጠያቂ ሲመጣ ይመልሳል። «የታመመ ሰው ይከለከላል እንዴ?» ብለው ዘመዶቹ ተቀየሙት። አንድ ቀን መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ እትዬ ዘርፌ ገቡ። ሲያዩኝ አላስቻላቸውም፤ «ልጄን!» ብለው ጮኹ።

ጉሮሮዬ ተዘጋ። አየር የለም። ጣሪያው ጠቆረ። በሰው እጅ ስንቀሳቀስ ተሰማኝ። ከዚያ ምንም።

ስነቃ አንገቴ ላይ ቱቦ ነበር፤ ትራኪኦስቶሚ ይሉታል። አየሩ በዚያ ይገባል። እትዬ ዘርፌን አልተቀየምኳቸውም። በእኛ ደንብ ታማሚን አይቶ አለማልቀስ ነው ነውሩ።

ማገገሙ ረጅም ነበር፤ መጀመሪያ በአፍንጫ ቱቦ ወተትና አጥሚት፣ ኋላ ቱቦዎቹ ሲወጡ በማንኪያ ገንፎ፣ ከዚያ በበድሉ ትከሻ ተደግፌ እስከ መስኮቱና መልስ፣ ድምፄ ሲመለስ ደግሞ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያለ፣ እኔም ችኩል ነኝና ነርሶቹን «መቼ ነው የምወጣው?» እያልኩ ሳደርቃቸው ሰነበትኩ። ልወጣ ስል አንዷ ነርስ መርፌ ይዛ መጣች።

«ድኜ የለ? አሁን ደግሞ ምን ሊሆነኝ ነው?» አልኳት።

«ይሄ በሽታ እንደ ኩፍኝ አይደለም፣ አንዴ ስለያዘሽ አይተውሽም። ክትባቱን ካልጨረስሽ ነገም ይይዝሻል።»

ይህን እወቁ። ክትባቱ የእርጉዝ ብቻ አይደለም፤ ብረት የሚነካ ወንድም ሴትም ሁሉ ይከተብ። ቁስል በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ቡናም ናፍጣም አይደረግበት። አፉ አልከፈት ያለውን ሰው አኩርፏል አትበሉት፣ ውሃ አትርጩበት፣ ሲነጋ እንወስደዋለን አትበሉ። አስታማሚ ከሆናችሁ በሩን ጠብቁ፤ ዘመድ ይቀየም፣ በኋላ ይታረቃል።

ሐኪሟን፣ ነርሶቹንና በድሉን አመሰግናለሁ። ደህና ነኝ ማለት ግን አልችልም። ሥራ ቦታ አንድ ሰው ብረት ሲጥል ዛሬም ሁሉን አቁሜ እጠብቃለሁ፤ አየሩ ይገባ ይሆን እያልኩ። ይገባል። ከዚያ ለደንበኛው ዋጋ እነግራለሁ።