ወልደአማኑኤልና የላንጋኖው ድስት

ወልደአማኑኤልን ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ነው ያደገው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ። እሱ ድምፃቸውን አልወረሰም፤ የወረሰው ተማሪ ማሰለፋቸውን ብቻ ነው። የዘመን መለወጫ ዋዜማ የሰፈሩ ልጆች አደይ አበባ ሊለቅሙ ሜዳ ሲወርዱ አብሮ ይወርዳል፤ አንዲት አበባ ግን አይቀጥፍም። ድንጋይ ላይ ይቆምና «አንቺ ወደዚያ! አንተ ወደዚህ!» ይላል። ሲመለሱ የሌሎቹን እቅፍ ቆጥሮ ለእናቱ «ስድስት ነዶ ለቀምን» ብሎ ይነግራታል። «ለቀምን» ነው የሚለው። እናቱ ደስ ብሏት ትስመዋለች። ያን ጊዜ አንድ ቀን ቆንጥጬው ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሰው በተገላገለ!

አድጎ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ጸሐፊ ሆነ። ካኪ ኮት አሰፋ። የቀበሌውን ማህተም በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ለቅሶ ቤትም፣ ፀጉር አስተካካይ ዘንድም አይለየውም። እጁን ወደ ኪሱ በሰደደ ቁጥር ሰው ንግግሩን ያቆማል። ይህን ያውቅ ስለነበር አፍንጫውን ለመጥረግም ቢሆን ቀስ ብሎ ነበር እጁን የሚሰደው።

የእኛ ከተማ ሰው ክረምቱ አልፎ መስቀል ከዋለ በኋላ ቤት መቀመጥ አይሆንለትም። ሜዳው ቢጫ ይሆናል፣ ጤፉ ይንዠረገጋል፣ አዋሽ ድፍርሱ መጥራት ይጀምራል። ድሮ በዚያ ወቅት ሁሉም እንደ አቅሙ አገልግሉን አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር። ሶደሬ ፍል ውሃ የሚነከር ይነከራል፤ የማይነከር ግራር ሥር ጋቢውን አንጥፎ ይተኛል። ማንም ማንንም ደስ ይበልህ ብሎ አያዝም። ወልደአማኑኤል ይህን አይቶ አዘነልን። ያለ ዕቅድ ስንደሰት መኖራችን አሳፈረው። የመዝናኛ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ራሱን ሰብሳቢ አደረገ፣ ከዚያ በኋላ የመስከረም ሽርሽራችን በስም ጥሪ ሆነ።

በ1973 ዓ.ም. የወጣው ዕቅድ ወደ ላንጋኖ ነበር። ወረቀቱ በቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ፦ «3:30 መድረስ። 4:00 ሕዝባዊ ደስታ። 5:00 ገመድ ጉተታ። 6:30 የአንድነት ምሳ።» ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሕዝባዊው ደስታ አንድ ሰዓት ተመድቦለታል፤ ከዚያ በላይ መደሰት አይቻልም ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ለጎረቤቴ ለቀመሪያ ከአቦምሳ መልእክት መጣባት። እናቷ ታመው እህል ከተዉ አምስተኛ ቀናቸው ነው፣ ስሟን እየጠሩ ነው ተባለች። ቀመሪያ ሳምቡሳ ጠብሳ እየሸጠች ሦስት ልጅ የምታሳድግ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። በዚያ ዘመን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ኬላ አይታለፍም። ሐሙስ ዕለት ወልደአማኑኤል ዘንድ ሄደች፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አላት። ዓርብ ሄደች፤ «ለሽርሽሩ እየተዘጋጀሁ ነው» አላት። ቅዳሜ እኔም አብሬያት ሄድኩ።

«አንተ ልጅ፣ እናቷ እኮ እያጣጣሩ ነው» አልኩት።

«እማማ የሺዓለም፣ ይገባኛል» አለ፣ ኪሱን ዳበስ አድርጎ። «ግን ሕዝብ ሲደሰት አኩርፎ ለሚቀር ሰው ማህተም የለኝም። እሁድ ላንጋኖ ትምጣ፣ ትብላ፣ ትደሰት። ሰኞ ጠዋት እፈርምላታለሁ።»

ቀመሪያ አንገቷን ደፍታ ወጣች። በሩ ላይ «እትዬ የሺ፣ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ለእናቴ ስል እስቃለሁ።» እናቷ አልጋ ላይ እያሉ ልትዝናና ልጆቿን ለባሏ ለኑሬ ትታ ወጣች።

እሁድ ገና ሳይነጋጋ ተሳፈርን። አውቶቡሱን የሚነዳው ኢተፋ የሚባል የሰፈራችን ሰው ነው፤ ቀልድ ካላወራ መሪው የማይዞርለት። «አካም ቡልተኒ!» ብሎ ሁላችንንም ሰላም አለን። «ዛሬ የማይስቅ ሰው አለ? ካለ አሁኑኑ ይውረድ፣ በኋላ ይመዘገባል!»

ወልደአማኑኤል ከፊት ተቀምጦ ስም ጠራ። ሞጆን ስናልፍ ጠራ፤ ቆቃ ላይ እንደገና ጠራ። ከሚሄድ አውቶቡስ ማን ዘልሎ ሊጠፋ እንደሚችል እግዜር ይወቀው። መቂ ስንደርስ መንገድ ዳር ሴቶች የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ከፍ አድርገው አሳዩን። ጭሱ በመስኮት ገባ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው «ቁም፣ ቁም!» አለ።

«እሸት ዕቅድ ውስጥ የለም» አለ ወልደአማኑኤል።

«ጓድ፣ በቆሎው ግን ደርሷል፤ እሱ ዕቅድ አላነበበም» አለው ኢተፋ። ሳይቆም ግን ነዳ።

ላንጋኖ ስንደርስ ውሃው እንደ ወትሮው የሸክላ ቀለም መስሎ ተኝቷል። ሴቶቹ እሳት አነደድን። ሁለት በግ ተጭኖ መጥቷል። አንዱን ኢተፋ በስመ አብ ብሎ ባረከው፤ ሌላውን አንድ የሰፈራችን ሙስሊም ሽማግሌ በቢስሚላህ አረዱት። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ለዚህ ብሎ የተጣላ ሰው ግን አላየሁም። ሠርግም ሆነ ለቅሶ፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላል፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው አንድ ላይ ይከተፋል። ቀመሪያ እንዳይምታታ ብላ በሙስሊሞቹ ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረች።

ቅቅሉ ሲንተከተክ ከአውራጃ የተጋበዘው ሹም በላንድሮቨር መጣ። ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ወልደአማኑኤል እየዞረ ሲያስጎበኘው ቆይቶ እሳቱ ዘንድ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ወልደአማኑኤል።

«ምሳ ነዋ» አልኩት።

«ሁለት ድስት? እኛ ሁለት ሕዝብ ነን? በተለጠፈው ወረቀት ላይ የአንድነት ምሳ ተብሎ ተጽፎ!»

ከዚያ አንዳችንም ሳንደርስበት እጁን በኮቱ ጫፍ ጠቅልሎ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ድስት አነሳና ሌላው ላይ ገለበጠው። ከነመረቁ፣ ከነአጥንቱ። ጭልፋውን ይዞ አማሰለና ወደ ካሜራው ዞሮ ሳቀ። ሹሙ ፎቶ አነሳው። ልጅ ሳለ ድንጋዩ ላይ ሲቆም ይስቀው የነበረውን ሳቅ ነው የሳቀው።

 ስድሳውም ሰው በአንድ ጊዜ በሽታ ያዘው። አንዱ ጥርሱን ነካ። አንዷ ሥጋ ሐኪም ከከለከላት ዓመት ሆኗታል፤ እኛ ገና ያን ቀን ሰማን። ሙስሊሙ ሽማግሌ «አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ከውሃ በቀር በአፋቸው ምንም አልዞረም። ሹሙም «ሆዴን ትንሽ...» ብሎ ወደ ላንድሮቨሩ ሄደ፤ ሞተሩ ሲነሳ ነው መሄዱ የታወቀን።

ወልደአማኑኤል ዙሪያውን አየ። «እሺ! እኔ እጀምራለሁ!» ብሎ ወፍራም ሙዳ ሥጋ አወጣ። ወደ አፉ አስገባ። አላመጠ፣ አላመጠ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ሌላው ሰው መሬት መሬቱን ሲያይ እኔ እሱን አይ ነበር። ነጩን መሐረብ አወጣ፣ አፉን የጠረገ መሰለ፣ ሥጋውን እዚያ ተፋና መልሶ ኪሱ ከተተው። የመሪጌታው ልጅ! በእኛ ሃይማኖት ላይ ድስት ገለበጠ፤ በራሱ ላይ ግን አልጨከነም።

ቀመሪያ ሳህን ይዛ ቆማለች። «እትዬ የሺ፣ አልበላም። አይቼ እንዴት እበላለሁ? ግን ወረቀቴስ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ሳህኑን አስቀምጪው» አልኳት።

ትንሽ ቆይቶ አባ ኮዳዎቹ መጡ፤ እነዚያ ራሳቸው የተመለጠ፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት የሚያንጠለጥሉ ትልልቅ ወፎች። እንደ ተጠራ ኮሚቴ ተሰለፉና ድስቱን እስከ ታች ጠረጉት። የአንድነቱን ምሳ የበሉ እነሱ ብቻ ናቸው።

ወልደአማኑኤል ግን ዕቅዱን አልረሳም። ግራር ሥር ተቀምጦ ሪፖርቱን ጻፈና ይዞልኝ መጣ። «እማማ የሺዓለም፣ ማንበብና መጻፍ በቅርቡ የተማሩ እናቶችን ወክለው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ዝም ብለው ስምዎን ብቻ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። መነጽሬን አደረግሁና ማንበብ ጀመርኩ፤ ለእኔ ደግሞ ማንበብ ማለት ድምፅ አውጥቶ ነው።

«ስድሳ ሁለት... የቀበሌው ነዋሪዎች... ከአንድ ድስት... በልተው... ጠግበው...»

«እማማ፣ ቀስ! ቀስ ይበሉ!»

ኢተፋ ከአውቶቡሱ ሥር ራሱን አወጣ። «ማን ነው የጠገበው? እኔም ልጠጋ!» ሰው ሳቀ።

«...ጓድ ወልደአማኑኤል በቀዳሚነት በልተው... አርአያ...» እዚህ ላይ ቆምኩና ቀና ብዬ ኪሱን አየሁ። በካኪው ላይ የቅባት ክብ እየሰፋ ነው። እሱም ዝቅ ብሎ አየው።

«ልጄ፣» አልኩት በዝግታ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ፣ «መሐረብህ ውስጥ ያለውን ለሰው ላሳይ ወይስ የቀመሪያን ወረቀት ትፈርማለህ?»

«ሰኞ ብያለሁ እኮ!»

«የእናት ነገር ለሰኞ አይቀጠርም። የእሷን ፈርም፣ ያንተን እፈርማለሁ።»

የሚያላምጠው ነገር ሳይኖር አላመጠ። ከዚያ ከፋይሉ ባዶ ወረቀት አወጣና ጉልበቱ ላይ ጻፈ፤ «ወደ አቦምሳ እንድታልፍ» እስኪል ድረስ ፊደል በፊደል ተከታተልኩት። ፈረመ። ማህተሙን ከመሐረቡ ሲያወጣ ትንሽ ጅማት አብራ ወጣች። በጣቱ ጠራርጎ መታው። ወረቀቱ ላይ ክቡ ደበዘዘ፣ ዙሪያው ግን በስብ ወዛ።

እኔም ፈረምኩ። ውሸት ላይ ነው የፈረምኩት። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ሃያ ስግደት ሰጡኝ። እንዲህ በርካሽ የገዛሁት ነገር የለም።

ስንመለስ መቂ ላይ ኢተፋ ማንንም ሳይጠይቅ አቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ። ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ምድጃ እሸት እየተቀባበለ፣ ከንፈሩ ጥላሸት እስኪሆን በላ፣ ተጎሻሸመ፣ ዘፈነ። ያ ነበር ሽርሽሩ። ወልደአማኑኤል ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ትንሽ ቆየና በመስኮት እጁን ዘረጋ። ሰጠነው። ሦስት በላ፤ ቆጥሬበታለሁ። ሪፖርቱ ግን አልተለወጠም። ጭልፋውን ይዞ የሳቀበት ፎቶግራፍ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በዓመቱ እሱም በዚያ ሪፖርት ወደ አውራጃ አደገ። ለብዙ ሕዝብ ምሳ ለመገልበጥ በቃ ማለት ነው።

ቀመሪያ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተሳፈረች። ኬላው ላይ ጠባቂው ወረቀቷን ወደ ብርሃን አነሳ፣ ማህተሙ አልታይ አለው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ጓደኛውን ጠርቶ «ና እስቲ አሽትት፣ ይህ ማህተም ቅቅል ቅቅል አይልም?» አለው።

«ቀበሌያችን ትናንት ሽርሽር ወጥቶ ነበር» አለችው።

«ታድላችሁ!» አለና ገመዱን ዝቅ አደረገላት።

እናቷን በሕይወት ደረሰችባቸው። ስሟን ጠርተው እጇን ያዙ፤ ከሰው እጅ እምቢ ያሉትን ወተት እስኪያርፉ ድረስ ከእሷ እጅ ዘጠኝ ቀን ጠጡ።