ቦታ የለም

ከጌጫ አሮጌ ኮምፒውተር በላስቲክ ጠቅልሎ የመጣው ሰው፣ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ባለው የሰዓድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ቁጭ ካለ ጀምሮ ዝናብ ያራሰውን ኮቱን አላወለቀም።

«ልጄ የሳለችው ሥዕል አለበት» አለ።

ማሽኑ ሲነሳ አሥራ ስድስት ሜጋባይት ሜሞሪ ቆጠረ። የሥዕሉ ፕሮግራም ሲከፈት ግን «በቂ ሜሞሪ የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ሰውዬው ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «አሁን ራሱ ቆጥሮት የለም እንዴ? ዓይን ያወጣ ውሸት!»

ሰዓድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነፍሱ ነው። «ውሸት እንኳን አይደለም ጋሼ። የድሮው ሲስተም ፕሮግራሞችን የሚያስገባው የመጀመሪያው ስድስት መቶ አርባ ኪሎባይት ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። የቀረው ቁጥር እንዳልተለጠፈበት ቤት ነው። ቤቱ አለ፣ በአድራሻ ግን አይገኝም።»

«ማን ነው ይበቃል ያለው?»

«የሠሩት ናቸዋ። ያኔ ብዙ መስሏቸው።»

ሰዓድ ማውሱን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ከዚያ ጠባብ ቦታ አስወጣና ማሽኑን እንደገና አስነሳው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት ቀስ እያለ ወጣ።

ሰውዬው እርጥብ እጅጌውን ሰብስቦ ስክሪኑን ጠረገ። «ቦታ ነበረ» አለ። «ልጄንም ታማ ስወስዳት አልጋ የለም ብለው ከክሊኒኩ በር መለሱኝ። ባዶውን አልጋ በመስኮት እያየሁት!»