የትነበርሽ እና «ዝማብ» የሚባለው ቢሮ

ጎንደር አዲስ ዓለም መጥታችሁ ስልክ የምትጠግነው ሴት የት ናት ብትሉ ሕፃን ልጅ እንኳ ሱቄን ያሳያችኋል። ሃጂራ እባላለሁ። አያቴ ጨርቅ ነጋዴ፣ አባቴም ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እኔ ስልክ ልሽጥ፣ ልጠግንም ስል ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስቆብኛል። ዛሬ ስልኩ ከእጁ ባመለጠ ቁጥር ወደ እኔ የሚሮጠው ያው የሳቀው ነው። ይህን የማወራው ልኩራራ ብዬ ነው፣ ምን እዋሻለሁ! ግን የዛሬው ወሬ የኔ አይደለም፤ የኮሶዬዋ የእትዬ የትነበርሽ ነው። እኔን ያኮራችኝም ያሳፈረችኝም እሷ ናት።

እትዬ የትነበርሽ ዝናብ ትለካለች። ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶዬ ባለው ግቢዋ ውስጥ፣ ከገብሱ ማሳ ጫፍ፣ በሽቦ የታጠረ የዝናብ መለኪያ አላት። ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ያደረውን ውኃ ቁጥር ወዳለበት ብርጭቆ ትገለብጣለች፤ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከውኃው እኩል ታደርጋለች፤ ያየችውን በሚሊ ሜትር በደብተር ትጽፋለች። አለቀ። «ይህም ሥራ ሆኖ?» የሚል ሰው ግን እሷ ፊት ባይለው ይሻለዋል።

መለኪያው ድሮ ትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። ከብት እየገባ ቢጥለው፣ የዝናብ መረጃ የሚሰበስበው ቢሮ ኃላፊ አያ አስናቀው «ቁጥር የምትጽፍ፣ ከቤቷም የማትርቅ ሴት ፈልጉልኝ» አሉ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረች እሷ ነበረችና ተሰጣት። ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ልጇን ስትድር፣ ሙሽራው አጃቢውን አስከትሎ ደጅ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ሆነባት። «አንዴ ቆዩማ» ብላ ሙሽራውን አቁማ ሄዳ ለካች። የመጨረሻ ልጇን የወለደች ለት ብቻ ዳኛው የሚባለው ባሏ ለካላት። ደብተሩ ላይ ከዚያች ቁጥር ጎን «ዳኛው የለካው» ተብሎ ተጽፏል። ያቺን ቁጥር እስከ ዛሬ አታምናትም።

ያልዘነበ ዕለት ደግሞ ዜሮ ትጽፋለች። «ዜሮ ከሆነ ምን ያስለፋሻል፣ ዝም ብለሽ አትተዪውም?» ብዬ አንድ ቀን ጠይቄአት ነበር። «አልዘነበም ማለትም ወሬ ነው፤ ባዶ የተወ ግን አላየም» ብላ ልክ ልኬን ነገረችኝ።

ስሟን ማን እንዳወጣላት ላውራችሁ፤ ኋላ ይመጣልና። እናትና አባቷ ዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አጥተው ኖሩ። እሷ ስትወለድ አባቷ አቅፎ «አንቺዬ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አላት። በዚያው ስሟ የትነበርሽ ሆኖ ቀረ።

በግንቦት መጨረሻ ቢሮው ሁሉንም ለካዮች ሰብስቦ «ከሰኔ አንድ ጀምሮ ሪፖርት በየቀኑ በኢሜይል ነው፤ የወረቀቱ ቀርቷል» አላቸው። እትዬ የትነበርሽ ሁለት ሙክት ሸጠች፣ በማግሥቱ ሱቄ መጣች። ያኔ ነው የተዋወቅነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ላይ ቢሮው የከፈተላት ኢሜይልና የይለፍ ቃሏ፣ ከሥሩም ሪፖርት የምትልክበት አድራሻ አለ።

«ሸጋ ስልክ ስጭኝ» አለችኝ። «አያ አስናቀው ከስልኩ ጋር ስንቅ ይሁን ብለዋል።»

«ምን ይሁን?»

«ስንቅ! ኢሜይሉ ከስልኩ ጋር ስንቅ ይሁን።»

ሲንክ፣ ኢሜይሉ ከስልኩ ጋር ይያያዝ፣ ማለቷ ነው። ከሣቄ የተነሣ መፍቻው ከእጄ ወደቀ። እሷ አልተቀየመችም። «ምነው ትስቂያለሽ? ያለ ስንቅ መንገድ የሚሄድ አለ?» አለች። ከዚያ ወዲህ እኔም ስንቅ ነው የምለው።

ስልኩን ሸጥሁላት። የድሮ ሲሟ ለአዲሱ አልሆን ብሎ አዲስ ቁጥር አወጣሁላት። ኢሜይሉን ስንቅ አደረግሁላት፣ የቢሮውንም አድራሻ መዘገብሁላት። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበረብኝ፤ እጄ ፈጣን ነው፤ ጨረስሁ። «አንዴ አረጋግጭልኝ» ብትለኝ «እትዬ፣ ሃጂራ ከሠራችው በኋላ ማረጋገጥ የለም!» አልኋት። ይህችን አፌን አላህ ይቅር ይበላት።

እንግዲህ ከሰኔ አንድ ጀምራ በየቀኑ ላከች። በየሳምንቱ ደውላ ታበስረኛለች። «ሃጂራዬ፣ ዛሬም ላክሁ፤ ዛሬም ወዲያው መለሱልኝ!» እንዲህ ፈጣን ቢሮ በጎንደር መኖሩ ቢገርመኝም፣ እሰየው ብዬ አለፍሁት። መልሱ በእንግሊዝኛ ነው አለች። እሷ እንግሊዝኛ ቁጥር እንጂ ቃሉን አታነብም። «ያመሰግኑኛል መሰለኝ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው» አለችኝ። ኮሶዬ ላይ ወሬው ተሰማ። የትነበርሽ በየጠዋቱ በእንግሊዝኛ ትመሰገናለች ተባለ።

ሐምሌ ዐሥራ ስምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሱቄ ገባች። ጠዋት ለክታ፣ ልካ፣ የመጀመሪያውን መኪና ይዛ ነው የመጣችው። ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ ብርሃን። ስልኩን በሁለት እጇ እንደ ታቦት ይዛዋለች።

«እይልኝ!» አለች። «ረቡዕ ነው የመጣው። በአማርኛ! ስሜን ጠርተው ጻፉልኝ!»

እውነቷን ነው፤ ከስልኩ አናት ላይ ያልተከፈተ የኢሜይል ማሳወቂያ ተቀምጧል። ላኪው አስናቀው ይላል፤ ከሥሩ ርእሱ ብቻ ይታያል።

«ምነው አልከፈትሽውም?»

«ከከፈትሁት ይጠፋብኛል ብዬ ነዋ! ለዳኛው አሳየሁ፣ ለጎረቤት አሳየሁ፣ ቄሱም አይተውታል። አንቺም እንድታይው ብዬ ነው የመጣሁ።»

አየሁት። አንዴ አየሁት፣ ሁለቴ አየሁት። በሁለቱ ቃላት መካከል ክፍተት አለ። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። የትነበርሽ አይደለም የሚለው። «የት ነበርሽ?» ነው የሚለው።

ከፈትሁትና ጮክ ብዬ አነበብሁላት፣ ምን ላድርግ?

«የት ነበርሽ? ከሰኔ አንድ ጀምሮ ካንቺ አንድም ሪፖርት አልደረሰኝም። ብደውል ስልክሽ ዝግ ነው። ሥራውን ትተሽው እንደሆነ አላውቅም። እስከ ዓርብ ምሳ ሰዓት ካልደረሰኝ መለኪያው ከግቢሽ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ልከላከልልሽ አልቻልሁም። አስናቀው።»

እትዬ የትነበርሽ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ትተሽው?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ? ትቼው?» ደጋግማ ያንን ብቻ ነው የምትለው።

የእንግሊዝኛውን ምስጋና ልየው ብዬ አንዱን ከፈትሁ። ያ ረቢ! ምን ምስጋና አለው! «ይህ አድራሻ የለም፤ መልእክትዎ አልደረሰም» ነው የሚለው። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውም ያው። ወረቀቷን አስወጣኋትና እኔ ከመዘገብሁት ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁት። የቢሮው አድራሻ «ዝናብ» በሚል ቃል ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እኔ በኤን ፋንታ አጠገቧ ያለችውን ኤም ነክቻለሁ። ዝናብ «ዝማብ» ሆኗል። ይህች ሴት ስንት ቀን ሙሉ፣ በዶፍም በጉምም እየወጣች የለካችውን፣ ዝማብ ለሚባል በምድር ላይ ለሌለ ቢሮ ስትልክ ከርማለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ አፍስሼ፣ ሌላ ሰው ላስለቅም!

አሁን አምስት ሰዓት ከአምስት ሆኗል። ዓርብ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በአምስት ተኩል ለምሳና ለጁምዓ ይዘጋል። ሃያ አምስት ደቂቃ አለን።

አሁንም እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ራሴን ማዳን ነው። «እትዬ፣ አይዞሽ፤ ኔትወርክ አልነበረም እንበላቸው። ኮሶዬ ኔትወርክ የለም ቢባል ማን ይጠራጠራል?» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። እናቴ እንኳ እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፍሁት ደብተር ውሸት የለበትም» አለች። «ዳኛው የለካውን እንኳ ዳኛው የለካው ብዬ ነው የጻፍሁ። አሁን ለአንዲት ፊደል ብዬ ልዋሽ?»

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። በቃ፣ ሱቁን ዘጋሁ። ሁለት ደንበኞች በር ላይ «ሃጂራ፣ ሃጂራ» እያሉ ቆመው ቀሩ። አድራሻውን አስተካከልሁ፤ ሁለቴ አነበብሁት፤ ለእሷም አስነበብኋት። ከዚያ የተላኩትን አንድ በአንድ እንደገና ወደ ትክክለኛው አድራሻ መላክ ጀመርሁ። አርባ ስምንት ናቸው። ከሰኔ አንድ እስከ ዛሬ፣ አንድ ቀን አልጎደለም። እያንዳንዱ የተላከበት ሰዓት ተጽፎበታል፦ ሦስት ከአምስት፣ ሦስት ከአራት፣ ሦስት ከአምስት። ያንን የእንግሊዝኛ እምቢታም ከየሥሩ አያይዤ ላክሁት። አሁን ምስክር ሆነልን፤ በየቀኑ መላኳን የሚመሰክር ሌላ ምን አለ? በሰኔ መጀመሪያ ደርቆ ነበርና ዜሮዎቹም አሉ። ዜሮ። ዜሮ። ሁለት ነጥብ አንድ። ዜሮ። እጄ እየላከ ዓይኔ እንባ ሞላው።

መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ጻፍሁ። «ጥፋቱ የእትዬ የትነበርሽ አይደለም። አድራሻውን አንድ ፊደል አሳስቼ የመዘገብሁት እኔ፣ የአዲስ ዓለሟ ሃጂራ ነኝ። አረጋግጪልኝ ብትለኝም አላረጋገጥሁም። የድሮ ቁጥሯንም የለወጥሁት እኔ ነኝ፤ አዲሱ ይኸውና።» ስሜን ከሥሩ ስጽፍ ከበደኝ። ስም ከመቃብር በላይ ነው፤ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ስሜን ጥፋት ላይ አሰፈርሁት።

ልልከው ስል እጄን ያዘችኝ። «አንድ ቃል እኔ ልጨምር» አለች።

ስልኩን ሰጠኋት። በአንድ ጣቷ፣ ፊደሏን እየፈለገች ስትጽፍ ሰዓቱ ይሮጣል፤ አምስት ከሃያ፣ አምስት ከሃያ ሁለት። «ቶሎ በይ» ልላት አፌ ደረሰ፤ ዋጥሁት። ዛሬ የችኮላን ዋጋ አይቻለሁ። ጨርሳ አሳየችኝ። እንዲህ ይላል፦

«የትም አልሄድሁ። እዚሁ ነበርሁ። የትነበርሽ።»

ላክነው። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ከበን ተቀመጥን። አምስት ከሃያ አምስት። ምንም የለም። አምስት ከሃያ ሰባት። እሷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እሷ በሚካኤሏ፣ እኔ በአላህ፣ እየለመንን ነው። አምስት ተኩል ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። ከድንጋጤዋ ብዛት ልታነሣው አልቻለችም፤ አንሥቼ ድምፁን ከፍ አደረግሁላት።

«የትነበርሽ!» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

ስሟን መጥራታቸው ይሁን፣ የት ከረምሽ ማለታቸው ይሁን፣ ወላሂ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷ ግን አልተጠራጠረችም። ብድግ ብላ ቆመች።

«አቤት!» አለች። «አቤት፣ አያ አስናቀው!»

«ከፈትኋቸው» አሉ። «አርባ ስምንቱንም። ቆጥሬ አንድ ቀን አጣሁበት ብል ውሸት ነው። የሰኔ ዜሮዎች እንኳ አሉ! በይ ስሚ፣ መለኪያው ካንቺ ግቢ አይነቃነቅም። ትተሽው እንደሆነ ብዬ መጻፌ አሳፍሮኛል፤ ይቅር በይኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን» አለች። ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። በር ላይ የቀሩት ደንበኞች በመስታወቱ እያዩን ሰው የሞተብን መስሏቸው ነበር።

እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ቦርሳዋን ያዘች። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። «ዛሬ እኔ ዘንድ እደሪ፣ እባክሽ» አልኋት። «ነገ ዳኛው ይለካልሻል።»

«ዳኛው?» አለች፤ ያን ሁሉ ያለቀሰች ሴት በሣቅ ፈነዳች። «ያንን ያንዱን ቀን መቼ አምኜው!» ብላኝ ወደ መናኸሪያው ሄደች።

በማግሥቱ ቅዳሜ ሱቄን ከፍቼ ብዙም ሳልቆይ፣ ሦስት ከአምስት ላይ፣ የኔው ስልክ ቲንግ አለ። ለቢሮው የላከችውን ለእኔም ልካልኛለች፤ ማረጋገጥ መጀመሯ ነው። ዛሬም በየጠዋቱ ይደርሰኛል። የዚያን ዕለቱ እንዲህ ይላል፦ «ኮሶዬ። ዐሥራ ሁለት ነጥብ አራት። እዚሁ ነኝ።»