ሦስተኛው ተውኔት ያልታየበት ጁምዓ

ካርቱም የሄድኩት ቲያትር ለማየት ነው። ይህን ስናገር የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። «ሰው ከካርቱም ሽቶ ያመጣል፤ አንቺ ቲያትር ልታዪ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። እኔ ግን በክብር ተጋብዤ ነው። ጎንደር ውስጥ ተውኔት ያስተማርኩት ደረጀ ካርቱም ገብቶ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የአገሩን ልጆች ሰብስቦ የቲያትር ቡድን አቋቁሟል። በአንድ ዓርብ ከሰዓት ሦስት አጫጭር ተውኔቶች ሊያሳዩ ነው። ጸሐፊዎቹ ወጣቶች፣ የዘመናችን ልጆች ናቸው። ጽሑፎቹን አንብቤ ወድጃቸዋለሁ፤ ነገር ግን ተውኔት ካልታየ ያው ወረቀት ነው። ስለዚህ ተነሣሁ።

ለአጭር ተውኔት ማድላቴን አልደብቅም። ረጅሙ ሦስት ሰዓት አስቀምጦ ሲያበቃ ምክር ሰጥቶ ይሸኛችኋል። አጭሩ አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ጭንቅ ይዞ ይመጣል፤ ወይ ይይዛችኋል ወይ ይለቃችኋል። ወገቤ ከታመመ ወዲህ ደግሞ ፍቅሬ ጨምሯል።

ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ

አውቶቡሱ ከጎንደር የወጣው ገና ሳይነጋ ነው። አይከል ላይ ጉም ስለነበር ሹራቤን ደርቤ ጋቢ ጨመርኩበት። ቁልቁለቱን ጨርሰን ገንዳ ውኃ ስንደርስ ጋቢውም ሹራቡም እግሬ ሥር ነበሩ። ግራና ቀኝ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ነው፤ ዛፉ አጭር፣ አፈሩ ጥቁር።

መተማ ዮሐንስ ከአንድ ረጅም መንገድ ብዙም አይበልጥም። ከመኪና ስወርድ ገንዘብ መንዛሪዎች ከበቡኝ፤ እያንዳንዱ ሌላውን ሌባ ይለዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቀፍኩ። ድንበሩ ትንሽ ድልድይ ነው። ወዲህ ማዶ በአማርኛ ተቆጥተውኝ፣ ወዲያ ማዶ በዓረብኛ ተቆጡኝ፤ ከዚያ በኋላ ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም አረፈ። ገላባት ላይ አንዲት ሻይ ሻጭ ዝንጅብል ያለበት ሻይ በሁለት ጊኔ ሰጠችኝ። ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል።

ገዳሪፍ አድሬ በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት የካርቱሙን ትልቅ አውቶቡስ ያዝኩ። ከመተላለፊያው ማዶ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ጢማቸውን ሂና የነካ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ረዳቱን በዓረብኛ ቀልድ ሲያስቁት ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ፣

«እህቴ፣ ወዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ካርቱም። ቲያትር ለማየት።»

«ቲያትር! እኔ ሱዳን ስኖር ሸበትኩ፤ ቲያትር አይቼ አላውቅም። ምን ያደርግልኛል? ኢቃማ ማሳደስ ራሱ ቲያትር ነው። ‹ቡክራ ና› ይሉሃል፣ ቡክራ ትሄዳለህ፣ ‹ቡክራ› ይሉሃል።»

ሳቅሁ። ቡክራ ነገ ማለት ነው፤ ኢቃማ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ካርቱም ስደርስ ከሰላምታ ቀጥሎ የሰማሁት ቃል እሱ ሆነ። ስማቸው ጋሽ ይመር እንደሆነ ነገሩኝ።

«እርስዎስ ለምን ጉዳይ ነው?» አልኳቸው።

«የወንድሜ ልጅ አለች። እሷን ላያት ነው፤ ኢንሻላህ።» ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። በአውቶቡሱ የታደለውን ብስኩት አልበሉም። መደኒ ላይ ለምሳ ስንወርድም እኔ ፉሌን በዘይትና በአይብ አሽቼ ስበላ እሳቸው ውኃ ብቻ ጠጡ። ጨጓራቸውን ያማቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ፣ አል-ሳሃፋ

ረቡዕ ማታ ደረጀ ከመናኸሪያው ተቀብሎኝ በረክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ አል-ሳሃፋ ወደሚገኝ ቤቱ ወሰደኝ። ወፍሯል፤ ቀበቶው ላይ አሁንም ፒንሳ ይሰካል። በማግስቱ አዳራሹን አሳየኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ነው፤ የሠፈሩ ሐበሻ ሠርጉንም ማኅበሩንም ለቅሶውንም እዚሁ ያደርጋል። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ሁለት ትልልቅ መብራቶች ወደ መድረኩ አዙሯል።

እያመሰገንኩት ሳለ አንድ ወንበር ጎትቶ ተቀመጠ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ዘምዘምን ነገ ታገኛታለሽ፤ በሁለተኛው ተውኔት መርዶ የሚነገራት እሷ ናት። በእውነትም አባቷ ወሎ ሞተዋል። ወር አልፎታል። እሷ አታውቅም።»

አማርኛ አንባቢ መርዶ ምን እንደሆነ ማወቁ አይቀርም። በስልክ አይባልም፣ ለአንድ ሰው ብቻም አይተውም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ሆኖ፣ በማለዳ ይነገራል። ካርቱም ላይ ግን ማለዳው የመዳሞቹ፣ የአሠሪ እመቤቶቹ፣ ነው። በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን አብዛኞቹ የሚወጡት ዓርብ ከቀትር በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ መርዶም የሚነገረው ያኔ ነው። ዓርብን ሁሉም ጁምዓ ይለዋል። ሠርግ ጁምዓ፣ ልምምድ ጁምዓ፣ መርዶ ጁምዓ።

«ታዲያ እንዴት ይህን ሚና ሰጠሃት?» ጮህኩበት።

«የሰጠኋት ከመሞታቸው በፊት ነው። አሁን ብነጥቃት ‹ለምን?› ትላለች፤ መንጠቁ ራሱ መርዶ ሆነ ማለት ነው። ዝግጅቱን ብሰርዘውም ያው። አብራት የምትጫወተው ሐዋ ያክስቷ ልጅ ናት፤ እሷም ታውቃለች። ዘመዶቿ ነገ እዚህ ይሰበሰባሉ። ሦስተኛው ተውኔት ሲያልቅ፣ ሰዉ ሲወጣ፣ እንነግራታለን።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ ነገሩ፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይለማመዳል።

ጁምዓ

ዘምዘም ከምትሠራበት ሠፈር ከአል-ጣኢፍ በሐፍላ መጣች፤ ሐፍላ የሚሉት ሚኒባሱን ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቋ ከፊቷ የሚቀድም ልጅ ናት። አብዛኛውን ልምምዷን በስልክ እንዳደረገች ነገረችኝ፤ ልብስ ስትተኩስ ስልኳን መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ደረጀ ከወዲያ ማዶ እያረማት።

«አንድ ቀን የለቅሶውን ቦታ ኩሽና ውስጥ ስለማመድ መዳም ሰማችኝ እትዬ። ሮጣ መጥታ ስኳር በጥብጣ አጠጣችኝ። ‹ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ቲያትር ነው› ብላት አላመነችም፤ ‹ወላሂ እረፊ› ብላ አስተኛችኝ። ተኝቼ ዋልኩ!»

ከዚያ ያንን ቦታ አለቀሰችልኝ። ድምፅዋን አላወጣችም፤ ትከሻዋ ብቻ ተሰበረ። ከብዙ ባለሙያ አይቼው የማላውቀው ነው።

«ምን እያሰብሽ ነው የምታለቅሺው?» አልኳት።

«ደረጀ የራስሽን ሰው አስቢ ብሎኛል። አባቴን የሞተ አስመስዬ አስበዋለሁ።» ወዲያው ምራቋን እንትፍ እንትፍ አለች፤ ሟርቱ እንዲርቅ። «እንዴት ነው? ጥሩ ነው?»

ለደረጀ ያንን ዘዴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሐዋ ጥግ ላይ ሆና ሻሿን ትጠመጥማለች፤ ቀና አላለችም።

«ጥሩ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አዳራሹ ሞላ። ከማዮ በእግራቸው የመጡ አሉ፣ ጫማቸው በአቧራ ነጥቷል፤ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞች አጠገብ የወሎ እህቶች በቶብ ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል። እኔን እንግዳ ብለው ፊት ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ።

የመጀመሪያው ተውኔት ስለ አንድ አልጋ ነው። አንዱ ቀን፣ ሌላው ሌሊት የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንድ አልጋ በጋራ ተከራይተው፣ የሚገናኙት አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲተኛ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሁለቱም ሥራ ያጡና አልጋው ይጠብባቸዋል። ጸሐፊው ስለ ድህነት አንድም ቃል አላናገራቸውም፤ ትራሱ ላይ ብቻ አጣላቸው። ተመልካቹ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። «ኧረ ጠጋ በልለት!» ይላል አንዱ፤ «እሱ ያንኮራፋል እኮ!» ይላል ሌላው። ተዋናዮቹም ሳይደናገጡ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠብቀው ይቀጥላሉ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

በዕረፍቱ በር ላይ ግርግር ሆነ። አንድ ሽማግሌ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው ኖሯል። በር ጠባቂዎቹ ሽማግሌ እንዴት ይቆማል ብለው እጃቸውን ይዘው፣ «የለም፣ እዚህ ይሻለኛል» እያሉ ቢግደረደሩም፣ አምጥተው ከጎኔ አስቀመጧቸው። ጋሽ ይመር ነበሩ።

«እርስዎ! ቲያትር አልወድም ሲሉ?»

«የወንድሜ ልጅ እዚህ ናት አሉኝ» አሉ በቀስታ። «ቲያትሩ ሲያልቅ ነው የምንነግራት።»

ያኔ ገባኝ። ብርሃኑ የሚያርፈው መድረኩና የፊት ረድፉ ላይ ብቻ ነው፤ ዘምዘም ካየቻቸው ታውቃለች። ላስነሣቸው እጃቸውን ስይዝ መጋረጃው ተከፈተ።

ሁለተኛው ተውኔት «እሑድ እነግራታለሁ» ይባላል። ሐዋ የምትጫወታት ጓደኛ ለዘምዘም መርዶ ይዛ ትመጣና መናገር ያቅታታል፤ ስለ ጨው፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጎረቤት ድመት ታወራለች። ግማሹ ያስቃል፤ ውበቱም እዚያ ነው፣ እየሳቃችሁ ፍርሃቱ ይገባባችኋል። መጨረሻ ላይ «እናትሽ አርፈዋል» ትላለች፤ ዝምታ፤ ለቅሶ፤ መብራት ይጠፋል።

ሐዋ እስከ ድመቷ ድረስ ደህና መጣች። ያቺ ቃል ላይ ስትደርስ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተች። ከኋላ የሚያውቁት ሴቶች አንድ በአንድ ማልቀስ ጀመሩ። ዘምዘም ቃሉን ትጠብቃለች። ሐዋን ልትረዳት ፈልጋ ይሆናል፣ እንደ ተዋናይ ወደ እኛ ዞር አለች። ዓይኗ ጋሽ ይመር ላይ አረፈ። ከገዳሪፍ። ፊት ረድፍ ላይ። በነጭ ጀለቢያ።

ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«አባቴ ነው?» አለች።

በጽሑፉ ውስጥ አባት የለም። ከኋላ በኩል ጥቂት ሰዎች የትወናው መጨረሻ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አቆሙ። ጋሽ ይመር ተነሡ፣ ጫማቸውን አውልቀው መድረኩ ላይ ወጡ።

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ወንድሜ ሄደ፣ ልጄ» አሏት፤ ከመውደቋ በፊትም ያዟት።

ሦስቱ ቀን

ሦስተኛው ተውኔት ስለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ አልታየም። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ቀሩ፤ ለቲያትር የመጣው ሁሉ ለቅሶ ተቀመጠ። የፀጉር አስተካካዩ ተዋናይ ነጭ ካፖርቱን ሳያወልቅ ለሰዉ እጅ ውኃ ሲያፈስስ አመሸ። ክርስቲያኑም እስላሙም ንፍሮውን፣ ዳቦውን ይዞ መጣ። በማግስቱ የዘምዘም መዳም ከሁለት እህቶቿ ጋር ስኳርና ሻይ ቅጠል አስጭና ደረሰች፤ እጇን ዘርግታ ፋትሓ አድርጋ ከዘምዘም አጠገብ ተቀመጠች። «እኔ እኮ ያን ቀን እያለቀሰች ነው ብያለሁ» እያለች ለሁሉም ትናገራለች።

በሦስተኛው ቀን ዘምዘምን ልሰናበታት ገባሁ። ፊቷ ደርቋል።

«በአባቴ ሞት የፈረድኩበት የለም እትዬ፤ የአላህ ሥራ ነው። ግን ወር ሙሉ እሱን የሞተ አስመስዬ ሳለቅስ ‹ጥሩ ነው› እያላችሁ ታዩኛላችሁ። ሐዋም። ደረጀም። አንቺም» አለች። ድምፅዋ አልጠነከረም። «አሁን ሰው ሁሉ መጥቶ አልቅሺ ይለኛል። ሳለቅስ ትከሻዬ እንደ ልምምዱ ይሄዳል። ለአባቴ የሚሆን የቀረኝ የለም።»

ይቅርታ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ይቅር ማለቷ ይሁን አለማለቷ እስካሁን አላውቅም።

መመለሻ

መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ሻይዋም ያው ሁለት ጊኔ። ጋሽ ይመር ገዳሪፍ ድረስ አብረውኝ ተጓዙ። ስንለያይ፣ «ያ ቲያትር መጨረሻው ምን ነበር?» አሉኝ። «ይነግሯታል» አልኳቸው። «እሱን እኔም አውቃለሁ» አሉና ሄዱ።

ጎንደር ስገባ ባልደረቦቼ ሽቶ አላመጣሁም ብለው አኮረፉ። ተውኔቶቹ እንዴት እንደነበሩ ሲጠይቁኝ፣ የአልጋውን አውርቼ ጨረስኩ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ስለው የኖርኩትን አንድ ነገር ተውኩ፤ ለማልቀስ የራሳችሁን ሰው አስቡ አልልም። የሌላ ሰው ፊት ላይ ያያችሁትን አስቡ እላለሁ። እንደ በፊቱ አይሠራም፤ ይሁን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ስልኬ ጠራ። የሱዳን ቁጥር ነው።

«እትዬ፣ ዘምዘም ነኝ። ዛሬ አለቀስኩ።»

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ምንም። የመዳምን ባል ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። አባቴ የአንገቱን ቁልፍ አይቆልፍም ነበር፤ ታንቃለሁ ይላል። እሱ ትዝ አለኝና መሬት ቁጭ ብዬ… እንደ ልምምዱ አይደለም እትዬ። ጮህኩ፤ ንፍጤ ሁሉ ወረደ፤ ሸሚዙንም አቃጠልኩት። አስቀያሚ ነበር።»

«ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«አላህ ያጽናሽ ልጄ» አልኳት።