አልጋ ሥር ያለው ወተት

ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። ሰው ያለ ወትሮው ከሳቀልኝ «ምን ፈልጎ ነው?» እላለሁ። ስለዚህ ርዕሰ መምህራችን «ለአንደኛ ክፍል አስተማሪዎች የሦስት ቀን ሥልጠና አለ፤ ልጆችን በጨዋታና በእጅ ሥራ ማስተማር ነው» ብሎ እኔን ሲመርጠኝ ከክፍሌ ሊያነሳኝ መሰለኝ። ከተማችን ውስጥ ሱቆች የተዘረፉበት ግርግር ካለፈ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ በዚያን ጊዜ ጅግጅጋ ውስጥ የምጠረጥረው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሱቆች ተከፍተዋል፣ ባጃጆች ይመላለሳሉ፣ ሰላምታው እንደ ድሮው ነው። ግን ሰው እጅህን ጨብጦ ደህንነትህን እየጠየቀህ ከኋላህ ማን እንደቆመ ያያል።

ሥልጠናው ላይ ከሸደር የስደተኞች መጠለያ የመጡ አስተማሪዎችም ነበሩ። አሠልጣኞቹ ቆርኪ፣ ጭራሮ፣ ጠጠርና ጭቃ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉና «መማሪያችሁ ይሄ ነው» አሉን። በሆዴ «ፎቶ ሊያነሱን ነው» አልኩ። አነሱንም። አንድ ከሲታ የሸደር አስተማሪ ግን ተነስቶ ደብተር ለሌላቸው ልጆች መደመርን በጠጠር እንዴት እንዳስተማረ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አሳየን። ሲያሳየን ካሜራው ወዴት እንደዞረ አንዴም አላየም። እሱን አመንኩት።

ክፍሌ ተመልሼ ሞከርኩት። ፊደል በትሪ አሸዋ ላይ በጣት ጻፍን። ጭራሮ አሥር አሥር እያደረግን አሰርን። ወለሉ ላይ ቁጥር በጠመኔ ጽፌ የጠራሁት ላይ እንዲዘሉ አደረግኩ። በጭቃ «ሀ»ን ሲሠሩ አንዱ እግሯን አስረዝሞ ፍየል አደረጋት፤ ዝም አልኩት። ከጎኔ ያሉት ክፍሎች አስተማሪዎች ጩኸቱ ሲያስቸግራቸው በሩን እያንኳኩ ይገላምጡኝ ነበር።

በዚያ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረች። ቤቷ የሚነገረው ሶማሊኛ ብቻ ነው፤ አባቷ ግን ነጋዴ ስለሆነ አማርኛ ትልመድልኝ ብሎ እኛ ዘንድ አስገባት። ከመስከረም እስከ ጥር አንድ ቃል አልወጣትም። ስም ስጠራ እጇን ታወጣለች፣ በቃ። እናቷን አስጠርቼ «ጆሮዋ ደህና ነው?» እስከማለት ደርሼ ነበር። ቆርኪውን ፊቷ ስዘረግፍላት ግን መጀመሪያ በጣቷ ገፋችው፣ ከዚያ ከንፈሯን ብቻ እያነቃነቀች ቆጠረች፣ ከዚያ በድምፅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። እንባዬን እንዳያዩብኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ለዚች ልጅ ስል ያላሰብኩት ነገር አልነበረም። «ከቤት ባዶ ዕቃ አምጡ» አልኩ። የሻይ ካርቶን፣ የፓስታ ላስቲክ፣ የሳሙና ወረቀት መጣ። እሷ አንድ ከረጢት ሙሉ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ የተምር ካርቶንና የቅባት ዕቃ ይዛ መጣች። በዓይነት ለየናቸው፣ በመጠን ደረደርናቸው፣ ቆጠርናቸው። የሳምንቱ ትምህርት «ላይ»፣ «ሥር»፣ «ኋላ»፣ «ውስጥ» የሚሉት ቃላት ነበሩ። እናም ጠየቅኳት፦

«ወተቱ ቤታችሁ የት ነው ያለው?»

«አልጋ ሥር።»

«ጎበዝ! ተምሩስ?»

«ኋላ። ግድግዳ ኋላ።»

«ብዙ ነው ጥቂት?»

እጆቿን እስከቻለችው ዘረጋች። «ብዙ፣ ብዙ፣ ብዙ!»

ክፍሉ አጨበጨበላት። ትልቅ ወረቀት ላይ የልጆቹን ስም ወደ ታች ጻፍኩ፤ በየስሙ ትይዩ ያመጡትን ዕቃ ወረቀት ለጠፍን፤ ከሥሩ የት እንዳለ በትልልቅ ፊደል አሰፈርን። የእሷ መስመር ከሁሉም ረዘመ። ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፤ አሠልጣኞቹም ለክትትል መጥተው «እጅግ ያምራል» ብለው ፎቶ አነሱት። እኔ፣ ነፋስ በሩን ቢያንኳኳ የምጠረጥረው ሰው፣ ምንም አልታየኝም። ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ወደ ሐረር የሚሄድ የጭነት መኪና ባቢሌ ኬላ ላይ ተያዘ። የልጅቷ አባት ዕቃ ነበረበት። በማግስቱ ፊናንሶች ቤቱን ፈተሹት፤ የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪዎቹን ዛሬም እንዲህ ነው የምንላቸው። ቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ገቡ ተባለ። ሰኞ ዕለት ክፍሌ ስገባ ልጅቷ የለችም። ሌሎች አራት ልጆችም የሉም። ግድግዳው ላይ ወረቀቴ የለም፤ የማጣበቂያው ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። በሩን ዘጋ። መስኮቱንም ዘጋ።

«እኔ እንደ ወንድም ነው የምጠይቅሽ» አለ። «ከትምህርት ቤቱ ውጪ የምትሠሪው ሥራ አለ?»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«እኔ ምን አውቄ። ወላጆች እየጠየቁኝ ነው። አስተማሪ የሰው አልጋ ሥር ምን እንዳለ ምን ያደርግላታል ይላሉ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ያንን ወረቀት በአንድ ነጋዴ ዓይን አየሁት፦ ስም፣ ዕቃ፣ የተደበቀበት ቦታ። ጆሮ ጠቢ ሌላ ምን ይጽፋል? እኔ ራሴ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ከመሃል አገር መጥቶ እዚህ ልብስ ይሸጥ ነበር፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ሱቃችን ጓዳ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቀኝን ሰው መልስ ሳልሰጥ እንዴት እንደማልፈው አስተምሮኛል። ይህን የማያውቅ አስተማሪ ከሌላ አገር ቢመጣ ይቅር ይባልለታል። እኔን ማን ይቅር ይለኛል?

ቢሆንም ጥርጣሬዬ ወደ ራሴ ለመዞር ጊዜ ወሰደበት። መጀመሪያ ያረፈው ከሰዓት በኋላ በዚያው ክፍል ሶማሊኛ የምታስተምረው ባልደረባዬ ላይ ነው። ወረቀቱን ማየት የምትችለው እሷ ናት። ከአባትየው ጋር የምትግባባው እሷ ናት። አንድ ሳምንት ሙሉ ተከታተልኳት። ስልክ ስታነሳ ድምፄን አጥፍቼ እሰማለሁ፤ ግማሹ አይገባኝም፣ ያልገባኝ ግማሽ ሁሉ ስለ እኔ ይመስለኛል። ሻይ ስትገዛልኝ እንኳ ጉቦ ነው ብዬ ሳልጠጣው አቀዘቀዝኩት። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«ወረቀቴን ለማን ነው የሰጠሽው?» አልኳት።

አየችኝ። «ዋላሂ፣ አንቺ ጤነኛ አይደለሽም» አለች። «ቤቱ ተፈተሸ ሲባል እየሮጥኩ መጥቼ ቀድጄ አቃጠልኩት። ለአንቺ ብዬ። የሰው ቤት ምስጢር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንዴ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንድ ሳምንት እንደ ሌባ ስትከተይኝ መቼ ልንገርሽ?»

አፈርኩ። ይቅርታ ስላት እንኳ ግማሽ ልቤ «ማቃጠሏን ያየ ሰው አለ?» ይል ነበር። ይህን ዛሬ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እንዲያ ነበርኩ።

ባልደረባዬ አባትየው ሱቅ አብራኝ ሄደች። ሰውየው ከመደርደሪያው ጀርባ ተነስቶ በአክብሮት ተቀበለን፣ ወንበር አስመጣ፣ ቀዝቃዛ የማንጎ ጭማቂ ከፈተልን። ስለ መኪናው ማናችንም አላነሳንም።

«ልጅዎ ናፍቃናለች» አልኩት። «መናገር ጀምራ ነበር።»

«አዎ» አለ። «ብዙ ጀምራ ነበር።»

ጨዋታው ለሒሳብና ለቋንቋ መሆኑን፣ ቆርኪውን፣ አሸዋውን፣ ሁሉንም አስረዳሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«ይህን አስተምሪ ብሎ ማን ነገረሽ?»

«ሥልጠና ወስደን ነው። ከሸደር አስተማሪዎች ጋር።»

«ሃዬ፣ እሺ። ድርጅት ነው?»

«አዎ፣ ድርጅት ነው።»

«ፎቶ አንስተዋል?»

ውሸት ከመናገሬ በፊት ባልደረባዬ በሶማሊኛ «አንስተዋል» አለችው። ሰውየው የሚፈልገውን እንዳገኘ ሰው ወደ ኋላ ተደገፈ። ያ ፎቶ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። መኪናውን ማን እንደጠቆመም አላውቅም። ምናልባት ሹፌሩ፣ ምናልባት ጎረቤት፣ ምናልባት ማንም። ግን ባቢሌ ባለፍኩ ቁጥር ፍተሻው ጋ የቆሙትን መኪናዎች ሳላስበው እቆጥራለሁ።

«እኔ ልጄን አልከለከልኩም፣ መዓሊን» አለኝ በመጨረሻ፤ መምህር ማለቱ ነው። «ታማ ነበር። ትመጣለች። ከቤት ግን ምንም አታመጣም።»

«ምንም አታመጣም» አልኩ። ቃል ገባሁለት።

በሳምንቱ መጣች። ዩኒፎርሟ ተተኩሷል፣ ፀጉሯ በአዲስ ሻሽ ተሸፍኗል። እየሮጥኩ ላቅፋት ፈልጌ ራሴን ያዝኩ። ቆርኪ አልሰጠኋትም። መጀመሪያ ሁላችንም ሀ ሁ አልን፣ መዝሙር ዘመርን፣ እሷ ከንፈሯን አላነቃነቀችም። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሌሎቹ ጭቃ ሲያቦኩ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ማንም የማይጠረጥረው ጥያቄ ፈለግኩ። ስለ ዕቃ ያልሆነ፣ ስለ ቦታ ያልሆነ፣ ማንኛዋም አስተማሪ ማንኛውንም ልጅ የምትጠይቀው።

«ዛሬ ቁርስ ምን በላሽ?» አልኳት።

ጭቃውን አስቀመጠች። ወደ በሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ዝግ ባለ፣ ግን ጥርት ባለ ድምፅ፦

«ቲቸር፣ ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ?»

ከመስከረም ጀምሮ የጠበቅኩት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር። አንድም ስህተት አልነበረበትም።