በጋሽ ደበበ ስም የተሳፈሩት ሴት

የወንድሜ ልጅ ሰናይት ባለፈው እሑድ ከኮዬ ፈጬ በሁለት ሚኒባስ መጥታ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ተቀጥራ በባቡር የሚጓዙ ቡድኖችን ትመራለች። ወረቀቱ የአለቆቿ መመሪያ ነው፤ አማርኛውን እንዳርምላት ፈልጋለች። እርሳሴን ቀርጬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው አንቀጽ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ ተጓዥ በማናቸውም ምክንያት አይሳፈርም ይላል። አማርኛው እንከን የለውም። እርሳሴ ግን እዚያው ቆመ።

እኔም ይህን ሥራ ሠርቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።

በደርግ ዘመን ነው። አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ ያስተማረኝ ሰው የለም። እጄ የገባውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን ጭምር፣ እስከ መጨረሻው መስመር የማንበብ አመል ነበረኝ። ብዙ አልናገርም። የሠራተኛ ማኅበሩ ምስጉን ሠራተኞችን ለአንድ ሳምንት በባቡር ወስዶ ድሬዳዋን ሊያስጎበኝ ሲነሳ፣ «ያ ዝምተኛው ይምራቸው፤ መርፌ እንኳ አይጠፋበትም» ተባለ። እኔን ጨምሮ ሠላሳ ስድስት ነበርን።

ደብተር ገዛሁ። ማንን ባቡር ያጥወለውለዋል፣ ማን መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፣ ማን ስኳር በሽታ አለበት፣ ሁሉንም ጻፍኩ። የአዋሹ ምሳ ራስ ምታት ሆነብኝ፤ ግማሹ የክርስቲያን ሥጋ፣ ግማሹ የእስላም ሥጋ ነው የሚበላው። ሰው አብሮ ሠርቶ ለየብቻው ሲቆርስ ማየት አልወደድኩም። ለሁሉም ሽሮ እንዲሠራ አስቀድሜ ላክሁ።

ለጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከዝርዝሩ አንዱ፣ የሽመና ክፍሉ ጋሽ ደበበ፣ ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ድሬዳዋ ለተዳረችው ልጃቸው «በባቡር እመጣለሁ፤ ጣቢያ ጠብቂኝ» ብለው ቀኑን ጽፈውላት ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ግምጃ ቤት ድረስ መጡ።

«ዓለሚቱ አባቷ መሞቱን አልሰማችም» አሉኝ። «መርዶ በፖስታ አይላክም። እዚያ ቆማ አባባ የታል ስትል ከናንተ አንዱ ቢያፈርጥባትስ? እኔ ልሂድና ቤቷ አስገብቼ፣ በወጉ ላርዳት።»

«ወንበራቸው አለ። ይምጡ» አልኳቸው።

ቀበሌ ማኅተም ያደረገበትን ዝርዝር ለማስቀየር አንድ ወር ያመላልሳል። ስለዚህ የጋሽ ደበበን ስም እንዳለ ተውኩት። በዚያ ደብተር ውስጥ እያወቅሁ የተውኩት ስሕተት እሱ ብቻ ነው።

የጥቅምት ብርድ ገና ሳይለቅ ከአቃቂ ጣቢያ ተነሳን። እትዬ ብርቄ ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ነጠላ ለብሰው መጡ፤ ልጃቸው ከሩቅ አይታ እንዳትጠረጥር። ይህን ሳይ ሁሉንም ሰብስቤ፣ ድሬዳዋ ላይ ማንም አፉን እንዳይከፍት አስማልኩ። ዱከም አካባቢ ጤፉ ቢጫ መያዝ ጀምሯል። ናዝሬትን አልፈን ሙቀቱ ሲጀምር ኮት ሁሉ ወለቀ። በየጣቢያው ወርጄ እቆጥራለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ እንደገና እቆጥራለሁ። ጋሽ ይማም የሚባሉ ወፍራም ወሎዬ፣ «እኔን ሁለት ብለህ እንዳትቆጥር» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አዋሽ ሽሯችንን በልተን እንደተሳፈርን፣ አንድ ካኪ የለበሰ ካድሬ ፉርጎአችን ገባ። እኩያዬ ነው። ዝርዝሩን ከእጄ ነጥቆ ስም መጥራት ጀመረ።

«ደበበ ወልዴ!»

«አቤት!» አሉ እትዬ ብርቄ።

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ደበበ አንቺ ነሽ?»

«ባለቤቴ ነው። አርፏል። እኔ መጣሁ።»

«ውረጂ!» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አታላህ ነው ወይስ አውቀህ ነው?»

መውጫ ቀዳዳ ሰጠኝ። አታላኝ ነው ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሳቸው አዋሽ ይቀራሉ፤ ልጅቱ ጣቢያ ቆማ የኛን ፊት ታነባለች።

«እኔ ነኝ ያሳፈርኳቸው» አልኩ። ከደረት ኪሴ የቡድን ትኬቱን አወጣሁ። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ በፈረንሳይኛና በአማርኛ፣ ከእኔ በቀር ማንም ያነበበው የማይመስለኝ ደንብ ታትሟል፤ የቡድን ትኬት አይከፋፈልም።

«ትኬቱ አንድ ነው፣ ጓድ። ሠላሳ ስድስት ሰው፣ አንድ ወረቀት። እሳቸው ከወረዱ ሁላችንም እንወርዳለን። ማኅበሩ ስለሚጠይቀኝ ያወረዱን እርስዎ መሆንዎን ይጻፉልኝ። ስምዎን፣ ሰዓቱን፣ ምክንያቱን። ከዚያ ይፈርሙበት።» ደብተሬንና እስክሪብቶዬን ዘረጋሁለት።

ጋሽ ይማም ብድግ ብለው ሻንጣቸውን አወረዱ። «በሉ እንውረድ! ጓድ፣ እኔን ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ አንተ ነህ፤ ሌላውን ፈልግ።»

ከዚያ ማንም ሳያዝዝ አንዱ ዘንቢሉን፣ ሌላው ጋቢውን አንስቶ ሁሉም ቆመ። ባቡሩ አፏጨ። ትኬት ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። ካድሬው እስክሪብቶዬን እንደ እባብ ተመለከተው። በዚያ ዘመን ከላይ ሳይታዘዙ የሚፈርሙት ነገር ምን እንደሚያመጣ እሱም ያውቃል። አልተቀበለኝም።

«ስምህ ማነው?» አለ በመጨረሻ። ነገርኩት፤ በራሱ ወረቀት ላይ ጻፈ። አጎንብሼ አነበብኩት።

«የአያቴን ስም ዘለሉት» አልኩት።

ጨመረና ወረደ።

ድሬዳዋ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረስን። ዓለሚቱ ልጅ አዝላ ከመስኮት መስኮት እያየች ትሮጣለች። «ማንም አይወርድም» አልኩና በሩ ላይ ቆምኩ። እትዬ ብርቄ ብቻቸውን ወረዱ። «አባባስ?» ስትል ሰማሁ። «ቤት እንግባ፣ ድካሙ ይውጣልኝ፤ ሁሉንም እነግርሻለሁ» አሏት፤ ነጠላው ሳይዛነፍ። ቀኑን ሙሉ ሲቀቀል የዋለ ሠላሳ አምስት ሰው፣ እነሱ ከጣቢያው ግቢ እስኪወጡ ድረስ በዚያ ወበቅ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ጠበቀ።

የማግስቱ ፕሮግራም የፋብሪካ ጉብኝት ነበር። ሰረዝኩት። ሊነጋ ሲል ሁላችንም በሰልፍ ሄደን ዓለሚቱ ቤት ደጃፍ ቆምን፤ መርዶው በወጉ፣ አባቷን በሚያውቅ ሰው መሃል ተነገራት።

አቃቂ ስንመለስ ለሂስና ግለ ሂስ ተጠራሁ። «ዝርዝሩን አለማረሜ ጥፋት ነው፤ እሳቸውን ማሳፈሬ ግን አይደለም» አልኩ። ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። አሥራ አንድ ቀን ቀበሌ ታሰርኩ፣ ደብተሬ ተወሰደ፣ የጉዞ መሪነቱም ለሌላ ተሰጠ። ይኸው አርጅቼም ስለ አዋሽ ይቅርታ አልጠይቅም። የምመራቸው ሰዎች፣ ወረቀት ላይ ያለውንና ወንበር ላይ ያለውን ሰው ለይቶ የሚያውቅላቸው ሌላ ማን ነበራቸው?

አንቀጹን አልሰረዝኩትም። ከሥሩ በእርሳስ ጻፍኩበት፦ የሟች ስም ሲጠራ አቤት የሚል ቤተሰብ ይሳፈራል፤ ኃላፊነቱን የጉዞ መሪው ይወስዳል።

ሰናይት አንብባ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያስባርረኛል!»

«እኔንም አባርሮኛል» አልኳት።

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች፤ ላጲሱን ትፈልጋለች ብዬ ጠበቅሁ። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ፣ የእርሳስ ጽሑፌን ፊደል በፊደል ደገመችበት።