የማሽላው ጉድጓድ

ዓመቱ በትክክል ጠፍቶብኛል። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ያሳደስኩበት ይሁን ለሦስተኛ፣ እንጃ። ብቻ ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር የአንድ ሀብታም ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ሐረርጌ ያሉት ሚስቴና የልጅ ልጆቼ ደግሞ ዝናብ ጠፍቶባቸው ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጫታችንን የሚገዛው ደላላ ደውሎ፣ "ማሽላ ምን ያደርግልሃል? ሁሉንም ጫት አድርገው፣ እህል ከገበያ ትገዛለህ" አለኝ። አመንኩት። ሚስቴን፣ "ማሽላውን ንቀይ፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለውንም ሸጠሽ የጫት ችግኝ ግዢበት" ብዬ አዘዝኳት። እኛ ዘንድ እህል የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው፤ አፉ በጭቃ ተመርጎ አፈር ይለብሳል። ቆይቼ ብጠይቃት "ተሸጠ፣ ጫቱም ተተከለ" አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ሞኙ!

ዝናቡ ሲቀር ጫቱ ቅጠል አልሰጥም አለ። በየማለዳው ደጃችን ላይ የመኪናውን ጡሩምባ ይነፋ የነበረው ያ ደላላ ዝር አላለም። ስልኬንም አላነሳ አለ።

በዚያው ሰሞን አሠሪዬ ድግስ ደገሰ። እንግዶቹ ሲሄዱ ሥጋው ያልተቆረጠ፣ እጅ ያልነካው የሩዝ ትሪ አሸክሞኝ፣ "ያላ፣ ጣለው!" አለኝ። ቆሻሻ መጣያው ጋ ስደርስ ቆምኩ። እሱን ረገምኩ፣ ደላላውን ረገምኩ፤ ከሁሉም ግን ራሴን። የልጅ ልጆቼን ጉሮሮ የዘጋሁት በገዛ አፌ ነው። ትሪውን አልጣልኩትም፤ ማዶ ግንባታ ላይ ለሚሠሩት ያገሬ ልጆች ሰጠኋቸው። እኔ ግን አንዲት ጉርሻ አልቀመስኩም።

ለሚስቴ ደወልኩ። ሰላምታም የለ።

"ምን እየበላችሁ ነው?"

"ማሽላ።"

"አትዋሺኝ! ሸጠሽዋል!"

"አልሸጥኩትም።"

"ችግኙን በምን ገዛሽው ታዲያ?"

"በፍየሎቼ።"

"ተሸጠ አላልሽኝም?" ጮህኩባት።

"አቦ ተወኝ! የጉድጓድ እህል ለባዳ አይነገርም ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"እኔ ባዳ ነኝ?"

"ደላላ ማማከር ከጀመርክ ወዲህ፣ አዎ!"

እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ጎረቤት ቦታውን እንዳያውቅ ጉድጓዱ ላይ ከብት እናስር ነበር።

ቁጣዬ ዛሬም አልበረደም። ያ ሰውዬ አሁንም መንደር ለመንደር እየዞረ ገበሬ ያሳምናል አሉ። ያን ዓመት ግን ጉድጓዱን ከፍታ፣ ውስጡ የታፈነው ትኩስ አየር እስኪወጣለት ጠብቃ፣ በጣሳ እየሰፈረች እስከ ዝናቡ ያሻገረችን፣ እኔንም ከጸጸት ያወጣችኝ፣ ትእዛዜን ያልሰማችው ሚስቴ ናት።